ጠመንጃውን ምን ቀለም እንቀባው?

«ይሄ ሰውዬ ቤቱን ሊያስቀባ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ጠመንጃውን ኖሯል!» አለችኝ የአክስቴ ልጅ ሚስት ቡና እየቀዳች። ረከቦቱ አጠገብ የቀለም ናሙና ካርዶች ተበትነዋል። አሸዋ የመሰለ፣ አመድ የመሰለ፣ የደረቀ ሣር የመሰለ፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ። አባትና ልጅ ካርዶቹ ላይ አጎንብሰው ይከራከራሉ።

ቤታቸው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችውና ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ኦሮራ ከተማ ነው። የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አደን ያስለመደው የሥራ ባልደረባው ሲሆን፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ወደ ሮኪ ተራሮች መውጣት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ግን ብቻውን አይሄድም። የ14 ዓመት ልጁ የአዳኞችን ኮርስ ጨርሶ ካርዱን ተቀብሏል። በኮሎራዶ ሕግ ከ12 ዓመት ጀምሮ ትልልቅ የዱር እንስሳትን ማደን ይፈቀዳል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ግን አዋቂ አብሮት መሆን አለበት። እናትየው ስትቀልድ ቆይታ ድንገት ዝም የምትለው ወዲያ ወዲያ ስታስብ ነው።

ጠመንጃው አዲስ ነው። አሮጌው ከነመነጽሩ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝን ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ያንን አንግቶ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ መውጣት፣ ዓመቱን በሙሉ መሪ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ወገብ ይቆርጣል። የአዲሱ ሰደፍ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው። አፈሙዙም ውስጡ ቀጭን ብረት ሆኖ ላዩ ላይ ካርቦን ተጠምጥሞበታል። እንዲህ ዓይነቱን አፈሙዝ በመሥራት ዩታ የሚገኘው ክሪስተንሰን አርምስና ሞንታና የሚገኘው ፕሩፍ ሪሰርች ይታወቃሉ። ያለ መነጽሩ ሦስት ኪሎ አይሞላም። ችግሩ ካርቦን ጥቁር መሆኑ ነው፤ ሲወለወል ደግሞ እንደ እባብ ቆዳ ያብለጨልጫል። ጫካ ውስጥ እንዲህ ድፍን ጥቁር ሆኖ ቀጥ ያለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም የሚያበራ ነገር ብዙ አይገኝም።

«እሺ፣ ከማን ነው የምትደብቁት?» ስትል ጠየቀች ሚስትየው።

ጥያቄዋ እኔንም ነክቶኛል። በኮሎራዶ በጠመንጃ አደን ወቅት አዳኝ ከወገቡ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች፣ ማለትም 3,200 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ፣ ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ ልብስ የመልበስ ግዴታ አለበት። ቆቡም እንደዚያው መሆን አለበት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደማቅ ሮዝም ተፈቅዷል። በብርቱካናማው ላይ ዝንጉርጉር ከታከለበት ግን አይቆጠርም፤ ድፍን መሆን አለበት። ታዲያ ሰውየው ራሱ እንደ ችቦ እየበራ ጠመንጃውን መደበቁ ምን ይሉታል?

መልሱ ያለው አጋዘኑ ዓይን ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ የሰው ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ሲኖሩት አጋዘን ያለው ሁለት ብቻ መሆኑ ታይቷል። ቀይን የሚለየው የለውም። ለእኛ የሚጮኸው ብርቱካናማ ለእሱ ከደረቀ ሣር ብዙም አይለይም። ሰማያዊ ግን በደንብ ይታየዋል። ስለዚህ ጂንስ ሱሪ ከብርቱካናማው ጃኬት ይልቅ ያሳብቃል። ነጭ ልብስ «እንዲያበራ» የሚያደርግ ንጥረ ነገር ባለው ዱቄት ሳሙና የታጠበ የአደን ልብስም እንዲሁ ያጋልጣል። የአክስቴ ልጅ ይህን ከሰማ ወዲህ የአደን ልብሱን ለብቻው፣ ያ ንጥረ ነገር በሌለው ሳሙና ያጥባል። (ሚስቱ «ሌላውንም ልብስ ቢያጥብ ምናለ» ትላለች።)

ከቀለም በላይ አጋዘንን የሚያስበረግገው እንቅስቃሴ፣ ሽታና ብልጭታ ነው። እንግዲህ ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ብልጭታውን ማጥፋት ነው፤ ዝንጉርጉሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሰደፉንና የአፈሙዙን ቀጥ ያለ መስመር ቆራርጦ ዓይንን ያዘናጋል፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር አይሠራም።

በማግስቱ ጠመንጃ ወደሚቀባ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁ የፈለገው በቪዲዮ ጌም የሚያየውን፣ በትንንሽ ካሬዎች የተሞላውን የወታደር ዝንጉርጉር ነበር። ሽማግሌው ከግድግዳው ላይ አንድ የናሙና ሰሌዳ አወረደና ልጁን ወደ ጓሮው ጫፍ ላከው። «አሁን ምን ይታይሃል?» ብሎ ጮኸ። ልጁ ትንሽ አየና «አንድ ጥቁር ነገር» አለ። ትንንሽ ነጠብጣብ ከቅርብ ያምራል፣ ከሩቅ ግን ተዋህዶ ድፍን ይሆናል። ለገላጣ ተራራ የሚሻለው በጣም የፈዛዛና የጠቆረ ቀለም ትልልቅ ጥፍጥፍ ነው አለ። ቅጠል የበዛበት አረንጓዴም አይሆንም፤ እነሱ በሚሄዱበት በጥቅምትና በኅዳር የኮሎራዶ አስፐን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ነጣ ያለ ግንዱ ብቻ ይቀራል፣ ሣሩ ደርቋል፣ ቁጥቋጦው አመዳም ነው።

ሽማግሌው ሴራኮት የሚባለውን ከሴራሚክ የተሠራ ቀለም ይጠቀማል። ብረት ላይ ሲሆን 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ይጋገራል። ካርቦን ላይ ግን ክሮቹን የያዘው ሙጫ ሙቀት ሲበዛበት ሊለሰልስ ስለሚችል፣ ያለ ምድጃ የሚደርቀውን ዓይነት ወይም ዝቅ ያለ ሙቀት ይመርጣል። ዋጋውን ሲናገር አባትየው ሳል ያዘው። ሽማግሌው ገባውና ሳቀ፤ «በስፕሬይም ይሆናል። የሠራው ፋብሪካ ዋስትናዬን ያፈርሳል እንዳይል ግን አስቀድመህ ጠይቅ» አለው። ሊጠይቁ የመጡትን እንዲህ አድርጎ የሚሸኝ ባለሙያ ብዙም አላየሁም።

ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ልጁ ጥይት የሚጎርስበትን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አየ፤ በጣቱም ዳሰሰ። ከዚያ ለእናቱ አሳየ፤ እሷም ጎንበስ ብላ አየች። መነጽሩ ተነሣ፣ የአፈሙዙ ጫፍና ቃታው በፕላስተር ተሸፈኑ። ላዩ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ተዳሰሰ። ክሩ ድረስ መፋቅ ካርቦኑን ስለሚጎዳ ልጁን አሥር ጊዜ ተቆጡት። አሸዋማው ቀለም መጀመሪያ ተነፋ፤ ሲደርቅ አመዳማውና ጠቆር ያለው ቡናማ በተቆራረጠ ስፖንጅ ተጨመረበት። በመጨረሻ የማያብለጨልጭ መከላከያ ተቀባ። እውነት ለመናገር አምሯል።

«አሁን ሣር ላይ ብታስቀምጡት ታገኙታላችሁ?» አለች እናትየው።

አባትየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ዘገየ። ባለፈው ዓመት ባልደረባው የጣለውን ኤልክ (ግዙፉን የአሜሪካ አጋዘን) ሊገፍ ዝንጉርጉር ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፎ ነበር። ሥጋውን ተሸክሞ ወርዶ ሲመለስ ጠመንጃውን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል። መሽቶ ነበር፤ በረዶም ጀምሯል።

እሷ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። ከመሳቢያ ብርቱካናማ ፕላስተር አወጣችና የሰደፉን ጫፍ ሁለት ዙር ጠቀለለችው፤ ማንገቻውንም ደገመችው። ልጁ «እማ፣ አበላሸሽው!» አለ። አባትየው ግን አልፈታውም።

ስመለስ ለታናሽ ወንድሜ ዝንጉርጉር ጃኬት ሊሰጠኝ ነበር። እኛ አገር ሬንጀር የወታደር ልብስ ነው፤ ሰላማዊ ሰው ለብሶት ሲታይ ጥያቄ ያስነሳልና ይቅርብኝ አልኩት። የተረፈውን ብርቱካናማ ፕላስተር ግን ሚስቱ በጥቁር ሻንጣዬ እጀታ ላይ ጠመጠመችልኝ። ቦሌ ላይ ያ ሁሉ ጥቁር ሻንጣ ሲዞር የእኔን ገና ከሩቅ አየሁት።