ማስኩም ክትባቱም ምን ያህል ይከላከላሉ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የኮቪድ ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በዚያ ዕለት ልክ አንድ ዓመት ሞላው። 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት፣ ክትባቱን ለአገሮች ያከፋፍል በነበረው ዓለም አቀፍ የኮቫክስ ጥምረት በኩል ቦሌ ከደረሰ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ ቅድሚያ የተሰጠውም ለጤና ባለሙያዎች ነበር። እኛ መከተብ ከመጀመራችን ሁለት ቀን ቀደም ብላ ዴንማርክ ይህንኑ ክትባት መስጠት አቁማ ነበር። እኛ ከጀመርን ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን ተከተሏት። ከተከተቡት መካከል በጥቂቶቹ ላይ ያልተለመደ የደም መርጋት ስለታየ ነው ያቆሙት።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ የነበረች ነርስ፣ አውሮፓ ያቆመውን ክትባት “ተከተቢ” ስትባል “ቆይ እስቲ” ብትል ምን ይገርማል? እኔን አይገርመኝም። የጠረጠረውን ሰው ሁሉ “አላዋቂ” ብሎ ማለፍ ግን በጣም ጎድቶናል ብዬ አምናለሁ። በማስክም ሆነ በክትባት ላይ ሰው ያነሳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ ነበራቸው። ክርክሩ “ይከላከላል” እና “አይከላከልም” ላይ ተቸንክሮ ስለቀረ መልሱ ሳይሰማ ቀረ። መጠየቅ የነበረበት ምን ያህል ይከላከላል፣ ማንን ይከላከላል፣ ከምንስ ይከላከላል ተብሎ ነበር።

ከማስክ እንጀምር። የኮሮና ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ብቻ ሳይሆን ሲያወራና ሲዘምርም ጥቃቅን እርጥበት ከአፉ ይወጣል። በብርዳማ ጠዋት እንጦጦ ላይ የሚያወሩ ሰዎች ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ትንፋሽ ምን ያህል እርጥበት እንደሚሸከም በዓይን ያሳያል። ተለቅ ያለው ጠብታ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቅ መሬት ይወድቃል። ደቃቁ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትኩረቱ ሁሉ እጅ መታጠብና መራራቅ ላይ ስለነበር የዚህ የደቃቁ ነገር ዘግይቶ ነው የታመነበት።

እርጥበቱ ከአፍ ሲወጣ ገና ተለቅ ያለ ስለሆነ ጨርቅም ይይዘዋል። አየር ላይ ደርቆ ካነሰ በኋላ ግን በማስኩ ጎንና ጎን ባለው ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ተራው ማስክ ከለባሹ ይልቅ በይበልጥ የሚጠቅመው አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። ይህ ነጥብ ለሕዝቡ በደንብ ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝነኛል። “ራስህን ጠብቅ” የተባለ ወጣት “እኔ አልፈራም” ብሎ ያወልቀዋል። “አጠገብህ የተቀመጡትን እናት ጠብቃቸው” ቢባል ግን፣ ለታላቅ ከመቀመጫው የሚነሳ ሕዝብ ነውና፣ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

ሌላው ያልተነገረ ነገር የሰማያዊው የሕክምና ማስክ አሠራር ነው። ይህ ማስክ ሦስት ንጣፍ ሲኖረው፣ መካከለኛው ሲመረት የኤሌክትሪክ ሙሌት ይሰጠዋል። ደቃቁን ብናኝ ስቦ የሚይዘው ይህ ሙሌት ነው። ሳሙናና አልኮል ሙሌቱን ያዳክሙታል። በየሰፈሩ ግን ይኸው ማስክ ታጥቦ ገመድ ላይ ሲሰጣ አይተናል። በየቀኑ አዲስ መግዛት ለብዙው ቤተሰብ የማይሞከር ስለነበር ማንም ሊወቀስበት አይገባም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ በሳሙና የሚታጠብ ባለ ሦስት ንጣፍ የጨርቅ ማስክም አማራጭ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅትም ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ መራራቅ በማይቻልበት ቦታ ሕዝቡ የጨርቅ ማስክ እንዲያደርግ መክሯል።

ከዚያ በፊት ይኸው ድርጅት ጤነኛ ሰው ማስክ ማድረግ አለበት አይልም ነበር። ምክሩ የተለወጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በመጀመሪያ ማስክ ከሐኪሞች እጅ እንኳ ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ምንም የሕመም ምልክት የሌለው ሰውም እንደሚያስተላልፍ ማስረጃው እየጠነከረ መጣ። ሁለቱም በቂ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን “ይህንን አናውቅም ነበር፣ አሁን ግን አወቅን” ብሎ በግልጽ የነገረው ሰው ስላልነበረ፣ ብዙው ሕዝብ ምክሩ ሲገለባበጥ አይቶ ተናጋሪውን ማመን ተወ።

እኛ ዘንድ ማስክ ለኮቪድ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወራት ግዴታ ሆነ። ታክሲ ውስጥ የነበረውን እናስታውስ። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ “ማስክ፣ ማስክ!” ይላል፤ አገጭ ላይ የነበረው ሁሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ፖሊሱ ሲታለፍ ይወርዳል። ከኋላ ያሉት “ነፋስ ይመታናል” ብለው መስኮቱን ያዘጋሉ። ከቫይረሱ አንጻር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ያ የተዘጋ መስኮት ነበር። ግዴታው ቅጣት የት እንዳለ አስተማረ እንጂ በሽታው የት እንዳለ አላስተማረም። ሰው በባዶ ጎዳና ላይ ማስኩን አጥብቆ ይሄድና፣ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ያወልቀዋል። ማስክ በጣም የሚያስፈልገው ግን ሰው በተጨናነቀበት፣ አየር በማይዘዋወርበትና ቆይታው በሚረዝምበት ቦታ ነው።

ታዲያ ማስክ ምን ያህል ይከላከላል? ጥሩ መልስ ያገኘነው ከባንግላዴሽ ገጠሮች ነው። ተመራማሪዎች 600 መንደሮች ውስጥ 340 ሺህ ገደማ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት አካሄዱ። በግማሾቹ መንደሮች ማስክ በነፃ አደሉ፣ ጥቅሙን አስረዱ፣ ሰው እንዲለብስ በየገበያውና በየመስጊዱ አሳሰቡ። በትክክል የሚለብሰው ሰው ከ13 በመቶ ወደ 42 በመቶ ከፍ አለ። በምርመራ የተረጋገጠውና ምልክት ያሳየው ኮቪድ በአጠቃላይ በ9 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የሕክምና ማስክ በታደለባቸው መንደሮች ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ግን ቅናሹ 35 በመቶ ገደማ ነበር። ዘጠኝ በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ ግን ያኔም ማስክ አላደረገም፤ በበሽታው በብዛት የሚሞቱትም አረጋውያን ናቸው። ከዚህ ተነስቶ ማስክ ተአምር ይሠራል ማለት ውሸት ነው፤ ከንቱ ነው ማለትም እንዲሁ።

ወደ ክትባቱ ስንመጣ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ “እንዴት እንዲህ ፈጠነ?” የሚል ነበር። የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል ለዓለም ይፋ የሆነው ጥር 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ ፋይዘርን ለሕዝቧ መስጠት ጀመረች። ክትባት በተለምዶ ዓመታት ይፈጃል። ከነዚያ ዓመታት ብዙው ግን የሚያልቀው በላቦራቶሪ ሥራ ሳይሆን በመጠበቅ ነው፦ ገንዘብ መጠበቅ፣ ፈቃደኛ መጠበቅ፣ ለንጽጽር የሚበቃ ታማሚ እስኪገኝ መጠበቅ፣ ፋብሪካ መጠበቅ። በኮቪድ ጊዜ መንግሥታት ገንዘቡን አስቀድመው ከፈሉ። ክትባቱ መሥራቱ ሳይታወቅ ማምረት ተጀመረ፤ ባይሠራ ገንዘቡ ይቃጠል ነበር። በሽታው ዓለምን ስላጥለቀለቀ ውጤቱም በጥቂት ወራት ታየ።

ዕውቀቱም በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች የቆሙበትን የኤምአርኤንኤ ግኝት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በ2023 ኖቤል ተሸልመውበታል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎችም የአስትራዜኔካን ክትባት የሠሩበትን ዘዴ ቀደም ሲል መርስ ለተባለው ሌላ የኮሮና በሽታ ሞክረውት ነበር። ኤምአርኤንኤ “ዘር ይለውጣል” የሚባለውም ልክ አይደለም። የሰው ዘር መልእክት በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ይቀመጣል፤ ኤምአርኤንኤ እዚያ አይገባም። ከአስኳሉ ውጭ ሆኖ የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠሩ ለሕዋሳት ይነግራል፣ ሰውነት ያንን ፕሮቲን መለየት ይማራል፣ ኤምአርኤንኤው ግን ብዙ ሳይቆይ ይፈራርሳል።

አሁን “95 በመቶ” የተባለውን ቁጥር ቀረብ ብለን እንየው፤ ብዙ አለመግባባት የመጣው ከእሱ ነውና። በፋይዘር ሙከራ ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ተወጉ፤ የቱን እንደተወጉ እነሱም ሆኑ የሚከታተሏቸው ሐኪሞች አያውቁም። ለውጤቱ ስሌት ከተቆጠሩት መካከል 170 ሰዎች በኮቪድ ታመሙ። መዝገቡ ሲከፈት ከነዚህ 162ቱ የጨው ውኃ የተወጉት፣ 8ቱ የተከተቡት ሆነው ተገኙ። 162 ሊሆን የሚችለው ወደ 8 ወረደ፤ 95 በመቶ ማለት ይህ ነው። “ከመቶ ተከታቢ አምስቱ ይታመማሉ” ማለት አይደለም፣ “ከተከተብክ አይዝህም” ማለትም አይደለም።

በኋላ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ መጣና የተከተበውም ያልተከተበውም ተያዘ። “ተከትቤ ያዘኝ፣ ታዲያ ምን ጠቀመኝ?” የሚለው ቅሬታ ያኔ በየቤቱ ተሰማ። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ቀድሞ መነገር የነበረበት አልተነገረምና። በክንድ የሚሰጥ ክትባት በደም ውስጥ ጠንካራ መከላከያ ያቆማል። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያለው መከላከያ ግን ቶሎ ይደክማል፤ ቫይረሱ መልኩን ሲለውጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሰውየው ይያዛል፣ ሳንባው ድረስ ዘልቆ ኦክስጅን ላይ የመጣል ዕድሉ ግን በጣም ይቀንሳል። ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ወላጆቻችን ይህ ልዩነት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር።

የደም መርጋቱስ? ወሬ አልነበረም፤ እውነት ነበር። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል አለ። በሚያዝያ ወር ዋዜማ ደግሞ መርጋቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል አመነ፤ ግምቱ ከ100 ሺህ ተከታቢ አንድ ገደማ ነበር። ጉዳቱ በወጣቶች ላይ በዛ ብሎ ስለታየ እንግሊዝ ለወጣቶቿ ሌላ ክትባት መስጠት መረጠች። እሷ ሌላ ክትባት ነበራት። እኛ እጅ ላይ የነበረው ግን በአብዛኛው አስትራዜኔካ ነበር። ምርጫው የጠበበ ሕዝብ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለመመዘን ከሌላው ይበልጥ ግልጽ ቁጥር ሊነገረው ይገባል፤ የተነገረው ግን “አትስጉ” የሚል ብቻ ነበር።

አለመተማመን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ቀርበው፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው የቢሲጂ ክትባት ለኮቪድ መጥቀሙ አፍሪካ ውስጥ ቢሞከርስ ብለው ተነጋገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም አፍሪካ የክትባት መሞከሪያ እንደማትሆን በቁጣ ተናገሩ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎም፣ እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በኤችአይቪ ስጋት በድብቅ ሲጣል መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጋልጧል። በዚያው ዓመት ፋይዘር በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ከተማ በማጅራት ገትር የታመሙ ሕፃናት ላይ አዲስ መድኃኒት ሞክሮ፣ ወላጆች በወጉ አልተጠየቁም በሚል ለዓመታት ተከሷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን ስታቆም ያ ቁስል ገና አልሻረም። የፖሊዮ ቫይረሱ ግን ካኖ ላይ አልቆመም፤ በቻድና በሱዳን አድርጎ በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባ፣ የእኛም ልጆች ሽባ ሆኑ። ጥርጣሬው ምክንያት ነበረው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በነገሩ የሌሉበት ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአፍሪካ በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ በ15 አገሮች ባካሄደው መጠይቅ፣ ክትባቱ ደህንነቱ የተጠበቀና ውጤታማ ከሆነ እንከተባለን ካሉት የላቀው ድርሻ የተገኘው ከኢትዮጵያ ነው፤ 94 በመቶ። ፈንጣጣን በቤት ለቤት ክትባት ተዋግቶ በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹን ታማሚዎች ያየ ሕዝብ ከክትባት ጋር ጠብ የለውም። በ2013 ዓ.ም. ሰው ሳይከተብ የቀረው በጥርጣሬ ብቻ አልነበረም። አብዛኛውን የኮቫክስ ክትባት ታመርት የነበረችው ህንድ በዚያው መጋቢት ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ዶዙ ራሱ ጠፋ። ሰው በተዘጋጀበት ወቅት ክትባት አልነበረም፤ ክትባቱ እስኪመጣ ደግሞ ወሬው ቀድሞ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት “ያመክናል” የሚል ወሬ እስካሁን ይከተለዋል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጤና ጣቢያ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ እናት ስለ ልጇ ክትባት ስትጠይቅ አትቆጧት። ስንት ሰው ላይ እንደተሞከረ፣ ከምን እንደሚከላከልና ከምን እንደማይከላከል፣ ምን ዓይነት ጉዳት በስንት ሰው ላይ እንደታየ በቁጥር ንገሯት። ወላጆችም በሰፈር ወሬ ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ማስኩም ቢሆን ለኮቪድ ብቻ አይደለም፦ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ይመርመር፤ እስኪመረመር ማስክ ያድርግ። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ አገራችንም የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።