ከተማው ተነሥቶ ጥላው ሲቀር

የግርማ በርታን ፎቶዎች ገና ካላያችሁ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ እዩልኝ! ግርማ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ፎቶ ማንሳትን የተማረው በራሱ ጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፎቶ ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስ ከኢንስታግራም ጋር ሆኖ የሰጠውን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። ለዚህ ያበቃው «ሙቪንግ ሻዶውስ» (ተንቀሳቃሽ ጥላዎች) የተባለው ተከታታይ ሥራው ሲሆን፣ የተነሣው በአይፎን ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ያየውን ሰው በስልኩ ያነሳል፦ ሊስትሮውን፣ እየዞረ የሚሸጠውን፣ ዕቃ የተሸከመውን፣ በራሱ ሐሳብ ተውጦ የሚያልፈውን። ከዚያ አስፋልቱን፣ ግንቡን፣ ታክሲውን፣ የቆርቆሮ አጥሩን ሁሉ ያስወግድና ሰውየውን ከነጥላው ደማቅ ቀለም ባለው ባዶ መደብ ላይ ያሳርፈዋል።

እኔን የገረመኝ ጥላውን መተዉ ነው። ጥላ ባይኖር ሰውየው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር፤ ጥላው ግን እግሩን መሬት ያስነካዋል፣ ክብደት ይሰጠዋል። ሰዓቱንም ይነግረናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋና ጥላ እግር ሥር ይሰበሰባል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወይም አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ከባለቤቱ በላይ ይረዝማል። እናም ሰፈሩ ከፎቶው ቢጠፋም ፀሐዩ አልጠፋም! ሸክም የያዘ ሰው ከሆነማ ጥላው ላይ ሰውና ሸክም አንድ አካል ይሆናሉ።

ስልኩም ሥራውን ያግዛል። ትልቅ ካሜራ ሲደገንበት ሰው ቀጥ ይላል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ወይም «ለምንድን ነው የምታነሳኝ?» ይላል፤ መጠየቁም መብቱ ነው። ስልክ ግን ሁሉም እጅ ላይ ስላለ የሰውን እርምጃ አያቋርጥም።

ሠራተኛን በባዶ መደብ ላይ ማሳየት ከዚህ በፊትም ነበር። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኢርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን ከነልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው ስቱዲዮ አስገብቶ አንሥቷቸዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የፔን ሰዎች ሥራቸውን ትተው ካሜራው ፊት ቆመዋል፤ የግርማ ሰዎች ግን አልቆሙም፣ መንገዳቸውን እየሄዱ ስቱዲዮው ወደ እነሱ መጥቷል። ፎቶ ቤት ገብቶ ለመነሣት ጊዜ የሌለው የቀን ሠራተኛ ባለ ስቱዲዮ ፎቶ ሆነ ማለት እኮ ነው።

አንድ ከባድ ሙግት አለ። ጎዳና ላይ የሚውለውን ሰው ጎዳናውን ከነሣነው፣ ለምን እዚያ እንደዋለ የሚነግረን ምን ቀረ? እውነት ነው፣ የሚጠፋ ነገር አለ። እኔ ግን ለግርማ አደላለሁ። የከተማችን ድሃ በአብዛኛው ሲነሣ ቆሻሻውና ፍርስራሹ ፎቶውን ይሞላውና ሰውየው የችግር ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን ዓይናችን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስለሌለ አረማመዱን፣ የትከሻውን ዘንበል ማለት፣ ጫማው በየት በኩል እንዳለቀ ለማየት እንገደዳለን። ፎቶዎቹን ስታገኙ ቶሎ ቶሎ አትለፏቸው፤ ከእግር ጀምራችሁ ወደ ላይ እዩ፣ ፊቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት።