የቤንዝን ቀለበትና አሮጌዋ ላዳ

በዚህ ቻናል ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ አብዝቶ የሚደጋገመው፣ ሬዞናንስ የተባለው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ምዕራፍ ከፈተና በቀር ለምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጽሐፉ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ ይሥላል፣ በውስጡ ሦስት መሥመር ይጨምራል፣ መሥመሮቹን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዛውሮ ባለ ሁለት ራስ ቀስት በመካከል ያኖርና ያልፋል እንጂ፣ ያ ሥዕል በዓለም ላይ የሚሠራውን ሥራ አይነግራችሁም። እኔ ግን ለሥራው ምስክር የሚሆን ነገር ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በአሮጌ ላዳ ሞተር ውስጥ ስላገኘሁ፣ ዛሬ ይህንኑ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ ወድጃለሁ።

እንዳይምታታባችሁ፣ መኪና የሚቀዳውን ነዳጅ እንደ ልማዳችን ቤንዚን እለዋለሁ፤ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን ሞለኪዩል ግን ቤንዝን ብዬ እጽፈዋለሁ። ዓመታቱም ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤንዝንን በ1825 ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ሲሆን፣ ያገኘውም ለመብራት ይሠራ ከነበረው ጋዝ በተረፈ ዘይት መሳይ ፈሳሽ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ሊቃውንቱ የዚህን ሞለኪዩል አካል እንዴት እንደሚሥሉት ተቸግረው ከቆዩ በኋላ፣ ጀርመናዊው ኬኩሌ በ1865 ካርቦኖቹ በቀለበት ተያይዘው፣ አንድ ነጠላ ቦንድ አንድ ድርብ ቦንድ እየተፈራረቁ ዙሪያውን እንደሚሄዱ አስተማረ። ትምህርቱ ታላቅ ነበር፤ ሆኖም እንከን ነበረበት። ነጠላ የካርቦን ቦንድ 1.54 አንግስትሮም ያህል ይረዝማል፤ ድርቡ ግን ጠበቅ ስለሚል 1.34 ያህል ነው፤ እንግዲህ የኬኩሌ ሥዕል እንዳለ እውነት ቢሆን ኖሮ ቀለበቱ ረጅምና አጭር ጎን እየተፈራረቀበት የተዛባ መሆን በተገባው ነበር። ካትሊን ሎንስዴል የተባለችው ሊቅ በ1929 የቤንዝንን ዘመድ በኤክስሬይ መርምራ ቀለበቱ ጠፍጣፋና ጎኖቹ የተስተካከሉ መሆናቸውን ገለጠች፤ የቤንዝንም ስድስቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 1.39 አንግስትሮም ገደማ መሆናቸው ተረጋገጠ። ነጠላም አይደሉም፣ ድርብም አይደሉም።

ከርዝመቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የሙቀቱ ነገር ነው። አንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ያለው ቀለበት፣ ሳይክሎሄክሲን ማለት ነው፣ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት በሞል 120 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሦስት ድርብ ቦንድ አለው የተባለው ቤንዝን የዚህን ሦስት እጥፍ፣ 360 ያህል፣ ሊሰጥ በተገባው ነበር። በ1930ዎቹ ኬሚስቱ ኪስቲያኮውስኪና ባልደረቦቹ በጥንቃቄ ሲለኩት ግን የተገኘው 208 ገደማ ብቻ ነው። የጎደለው 150 ኪሎ ጁል ያህል ጠፍቶ የቀረ አይደለም፤ ቤንዝን ሲፈጠር አስቀድሞ ወደ ዝቅተኛና የተረጋጋ ኀይል ስለ ወረደ፣ ሊሰጠው የነበረውን ያህል ሳይዝ ቀርቶ ነው። የሬዞናንስ ኀይል የምንለው ይህ ነው። በእኔ እምነት ይህን ምዕራፍ ከቀስት ጀምረን ማስተማራችን ተማሪውን ይበድላል፤ ከዚህ ከሙቀቱ ጉድለት ብንጀምር፣ ቀስቱ አንድ እውነተኛ ነገር ለመግለጽ የመጣ መሆኑ በተገለጠለት ነበር።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትሰናከሉበት ልምጣ። ሁለቱን የኬኩሌ ሥዕሎች ስታዩ ሞለኪዩሉ አሁን ይህን፣ ጥቂት ቆይቶ ያንን እየሆነ የሚመላለስ ይመስላችኋል፤ አይደለም። በቅኔና በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት የዋላችሁ ወይም በአጠገቡ ያለፋችሁ የአንድምታን ሥርዐት ታውቃላችሁ፤ መምህሩ አንዱን ንባብ አንሥቶ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያለ ሲተረጕም፣ ንባቡ ከትርጓሜ ወደ ትርጓሜ ይለዋወጣል የሚል ደቀ መዝሙር የለም። ንባቡ አንድና ጽኑ ነው፤ ትርጓሜዎቹ ግን አንዱ ብቻውን ስለማይበቃው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸውም የሚከብድና የሚቀል አለ። የሬዞናንስ ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሞለኪዩሉ አንድ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹ በቀለበቱ ዙሪያ ለሁሉም እኩል ተዳርሰው ይኖራሉ፤ በነጠላና በድርብ መሥመር ብቻ የሚሥለው ብዕራችን ይህን በአንድ ጊዜ መግለጽ ስለማይችል አንድም፣ አንድም ይላል። ይህን ሐሳብ በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሊነስ ፖሊንግ በኳንተም መካኒክስ አጸናው፤ እንግሊዛዊው ኢንጎልድም በሌላ መንገድ ወደዚያው ደረሰ።

ወደ ሞተሩ እንሂድ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩንና ነዳጁን ሲጨምቅ፣ ካንዴላው እሳት ይጭርና ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ዳር በሥርዐት ይዘረጋል። ነበልባሉ ሳይደርስበት በዳር የቀረው ድብልቅ ግን በግፊትና በሙቀት ተጨንቆ ይጠብቃልና፣ ትዕግሥቱ ካለቀ በራሱ ጊዜ ባንድ አፍታ ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ሹፌሩ ሞተሩ ያንኳኳል ይላል። ይህ ማንኳኳት ሲበዛ ፒስተኑን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ድብልቁ ትዕግሥት የሚያጣው በሰንሰለት አድራጎት ነው። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ የካርቦን ሰንሰለት፣ ለምሳሌ ሄፕቴን፣ አንድ ሃይድሮጅን ሲነጠቅ ባልተጣመረ ኤሌክትሮን የሚቅበዘበዝ ራዲካል ይሆናል፤ ኦክስጅን ወዲያው ይይዘውና፣ የተያዘው ክፍል በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ከገዛ ሰንሰለቱ ሌላ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ከዚህ የሚወጣው ውሁድ ሲሰነጠቅ ደግሞ አንድ የነበረው ራዲካል በዝቶ ይወጣል። እነርሱም በተራቸው ይባዛሉ፤ ፍንዳታው ከዚህ ይመጣል።

በቤንዝን ቀለበት ላይ አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር ሲጨመር ቶሉዊን ይባላል፤ በምንቀዳው ቤንዚን ውስጥም አለ። ከዚያች ከተጨመረችው ካርቦን ሃይድሮጅን ሲነጠቅ የሚቀረው ቤንዚል ራዲካል ኤሌክትሮኑን ለብቻው ተሸክሞ አይቅበዘበዝም፤ ሸክሙ ለቀለበቱ ይካፈላል። ብትሥሉት አምስት ሥዕል ይወጣዋል፤ ያልተጣመረው ኤሌክትሮንም በውጭ ባለችው ካርቦንና በቀለበቱ ላይ ባሉ ሦስት ቦታዎች ተዳርሶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ቤንዚል ራዲካል የተረጋጋ ነው፤ ኦክስጅን ሲመጣ አይቸኩልም፣ ቢይዘውም በቀላሉ ይለቀዋል፤ የሰንሰለቱም መባዛት በእርሱ ዘንድ ይዘገያል።

ይህን የሚመሰክሩ ሦስት ሞለኪዩሎች ላቅርብላችሁ፤ ሦስቱም ሰባት ሰባት ካርቦን አላቸው። ማንኳኳትን የመቋቋም ችሎታ በኦክታን ቁጥር ይለካልና፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ሄፕቴን የመለኪያው ታች ሆኖ 0 ተሰጥቶታል። ሚታይልሳይክሎሄክሴን ሰባቱን ካርቦን ልክ እንደ ቶሉዊን ስድስቱን በቀለበት፣ አንዱን በውጭ አድርጎ የያዘ ሲሆን፣ በቀለበቱ ውስጥ ድርብ ቦንድ የለውም፤ ቁጥሩም 75 ገደማ ነው። ቶሉዊን 120 ገደማ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የካርቦኑ አጽም አንድ ነው፤ የተለየው በቀለበቱ የሚዳረሰው የኤሌክትሮን ሀብት ነው። ሬዞናንስ ለምን ይጠቅማል ላላችሁኝ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሰዎች ማንኳኳትን የመከላከሉን ሥራ በሌላ መንገድ ለማሠራት ሞክረው ብዙ ጉዳት አድርሰዋል። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ቴትራኢታይል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሁድ በጥቂቱ ሲጨመር ማንኳኳትን እንደሚያስቀር አገኘ፤ እርሳሱ በሞተሩ ውስጥ የሚባዙትን ራዲካሎች እያጠመደ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው እርሳስ ግን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 በዳካር ተሰብስበው፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን እስከ 2005 መጨረሻ እንዲቀር ወሰኑ፤ ከዓለም አገሮች ሁሉ በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ስትሆን፣ ያም በ2021 ነው። እርሳሱ ሲወጣ ቦታውን ከሸፈኑት መካከል ቶሉዊንና ዘመዶቹ ይገኙበታል።

ላዳ የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። የኢጣሊያው ፊያት በ1966 ፊያት 124 የተባለችውን የቤት አውቶሞቢል አወጣ፤ በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ዳር በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1970ም የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። የሶቪየት መሐንዲሶች የተቀበሉትን እንዳለ አልገለበጡም፤ ለመጥፎ መንገድ ብለው ብረቱን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ለወጡ፣ ሞተሩንም አሻሻሉ። ከ2101 ጀምሮ 2103፣ 2106፣ 2105፣ 2107 እየተባለ የቀጠለው ተከታታይ እስከ 2012 ድረስ በሩሲያ ሲሠራ ቆይቶ፣ ጠቅላላው ከ15 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። አዲስ አበባ በሰማያዊና በነጭ ቀለም ቀብታ ለታክሲነት ስትገለገልበት የኖረችው በዚህች ዘር ነው። የ2101 ሞተር ድብልቁን 8.5 እጥፍ ይጨምቃል፤ ለዚህም ከመጠን ያልወረደ ኦክታን ያስፈልገዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ልቤን የሚያሳዝነኝ አንድ ታሪክ አለ። ይህችኑ መኪና የሠራው አገር፣ ከፋብሪካው መተከል አስቀድሞ፣ በሰኔ 1951 በሞስኮ ኬሚስቶቹን ሰብስቦ የሬዞናንስን ትምህርት የማርክሲዝም ጠላት የሆነ የሐሳባውያን ኑፋቄ ነው ብሎ አወገዘው። የፖሊንግን መጽሐፍ ወደ ሩሲያኛ የመለሱት ሲርኪንና ዲያትኪና፣ ሁለቱም የተከበሩ ሊቃውንት፣ ስማቸው እየተነሣ ተወቀሱ። ፖሊንግ በበኩሉ በአገሩ በአሜሪካ ለኮሚኒስቶች ያደላል ተብሎ በ1952 ፓስፖርት ተከለከለ፤ በዚያ ወገን በኬሚስትሪው፣ በዚህ ወገን በፖለቲካው ተከሰሰ ማለት ነው። በ1954 የኬሚስትሪን፣ የ1962ንም የሰላም ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጉባኤ ሰውን ከወንበሩ ሊያነሣ ይችላል፤ የቤንዝንን ሙቀት ግን ከ208 ወደ 360 ሊያወጣው አይችልም፤ የተወገዘው ትምህርት የሚገልጸው ጠባይ በላዳ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል።

አሁን ሰቆጣ ወዳለችበት ወደ ዋግ እንመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራቶሩ ለወፍራም አየር ተስተካክሎ የተሠራ ላዳ እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፣ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ነገር ግን ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ስላነሰ ማንኳኳቱ ይቀንሳል። አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ ባመጧት ላዳ ወደ ተከዜ በረሃ ስንወርድ፣ ከሰቆጣ በሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ባለውና ሙቀቱ በሚያነደው ቆላ፣ ጭሱ እየጠራ ጉልበቷም እየተመለሰ እንደ ሄደ አስተውያለሁ። ስንመለስ ግን፣ ከነጭነቷ ዳገቱን ስትጀምር፣ ጋሼ ዘመዳችን ሞተሩን አድምጥ አሉኝ፤ ያንኳኳ ነበር። ወፍራሙ አየር፣ ሙቀቱና ጭነቱ ባንድነት ዳር የቆመውን ድብልቅ ስለሚያስጨንቁት ነው። ማርሽ ዝቅ አድርገው ነዳጁን ሲቀንሱ ድምፁ ቆመ።

በመንገድ ዳር በጀሪካንና በጠርሙስ የሚሸጠውም ቤንዚን ይህንኑ ያባብሳል፤ ነጭ ጋዝ ሲቀላቀልበት ማለቴ ነው። በነጭ ጋዝ ውስጥ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ይበዛሉ፤ እነዚህም ከሄፕቴን የባሱ ናቸውና፣ ጥቂቱ እንኳ የቶሉዊንን ትዕግሥት ያበላሻል። ባለ መኪናው ዋጋ የቀነሰለት መስሎት ባልቦላውንና ፒስተኑን ይከፍላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቤንዚን ከበርሜል ለማውጣት ጎማውን በአፋችሁ አትሳቡ፣ እጃችሁንም በቤንዚን አትታጠቡ። በቤንዚን ውስጥ ጥቂት ቤንዝንም አለና፣ ቤንዝን ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል፤ ኤውሮፓውያን ከ2000 ጀምሮ በነዳጃቸው ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንዳይበልጥ የወሰኑት ስለዚህ ነው።

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቤት ሥራ፦ የቤንዚል ራዲካልን አምስቱን የሬዞናንስ ሥዕሎች ሥላችሁ፣ ያልተጣመረው ኤሌክትሮን ከሚገኝባቸው አራት ካርቦኖች መካከል በውጪው ላይ የሚያርፈው በስንት ሥዕል እንደ ሆነ ንገሩኝ። በሥዕሎቹ መካከል ባለ ሁለት ራስ ቀስት ብቻ አድርጉ፤ ሁለት ተቃራኒ ቀስቶች ያደረገ፣ ሞለኪዩሉ ይመላለሳል ብሎአልና፣ አላርምለትም። መልሱን ነገ ማታ እለጥፋለሁ።