የሆድ ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ ሐሞት ጠጠር

በግ ሲታረድ የተመለከተ ሰው ሁሉ ሐሞትን ያውቃታል። ከጉበቱ ሥር ተለጥፋ የምትገኘው፣ አረንጓዴ ውሃ የቋጠረችው ትንሽ ከረጢት ናት። ባለሙያዋ እመቤት ጉበቱን ስታወጣ ይህች ከረጢት እንዳትፈነዳባት እጅግ ትጠነቀቃለች፤ ከፈነዳች ሥጋው ይመራልና። በሰውም ዘንድ ሐሞት የምትገኘው በዚያው ስፍራ፣ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ነው። ጉበት ቀንና ሌሊት የሚያመነጨውን መራራ ፈሳሽ ትቀበላለች፤ ውሃውን መጥጣ ታወፍረዋለች፤ ቅቤ ወይም ጮማ ያለበት ምግብ ወደ አንጀት በወረደ ጊዜም ተኮማትራ በቀጭን ቧንቧ ወደ አንጀት ትልከዋለች። ቅባት የሚፈጨው በዚህ ፈሳሽ ርዳታ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን በፈሳሹ ውስጥ ኮሌስትሮል የተባለው ስብ፣ ወይም ከፈረሰ ደም የሚመጣው ቀለም ይበዛና እንደ አሸዋ ይዘቅጣል። አሸዋውም እየተጣበቀ ጠጠር ይሆናል፤ አንዱ እንደ ጤፍ ፍሬ፣ ሌላው እንደ ሽንብራ፣ አልፎ አልፎም እንደ ርግብ ዕንቁላል። ጠጠሩ በከረጢቱ ውስጥ ዝም ብሎ እስከ ተኛ ድረስ ባለቤቱን አያስቸግርም። እንዲያውም ጠጠር ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከረጢቷ በምትኮማተርበት ጊዜ ጠጠሩ ተንከባሎ መውጫዋን የዘጋ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሡን በደባርቅ ያጋጠሙን አንዲት እናት ናቸው። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ካለች መንደር የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ዕድሜያቸው አርባን አልፏል፤ ሰውነታቸው ግን በገብስ ማሳ ሥራና በእንስራ ሸክም የጠነከረ፣ ቀጭን ነው። በእጃቸው በጨርቅ የተቋጠሩ የመድኃኒት ወረቀቶችና ባዶ ብልቃጦች ይዘው ነበር፤ የአራት ዓመት ሕመም ቋጠሮ ነው። መጀመሪያ መጋኛ ነው ተብሎ ቅጠል ተቀጠቀጠላቸው። ቀጥሎም ኮሶ ጠጡ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጨጓራ፣ አንዱ ኩላሊት፣ ሌላውም ታይፎይድ እያለ መድኃኒት ሰጣቸው።

እኛም፣ እውነቱን መናገር ይገባናልና፣ ከእነዚያ የተሻልን አልነበርንም። «ሆዴን ያመኛል፤ ያስመልሰኛል» ባሉን ጊዜ የጨጓራን አሲድ የሚቀንስ ክኒን ጽፈን አሰናበትናቸው። በውጭ አገር ስንማር መምህራኖቻችን የሐሞት ጠጠር በሽተኛ ማለት ወፍራም፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ ብዙ የወለደች ሴት ናት እያሉ አስጠንተውን ነበር። ያ የመጽሐፍ ሥዕል ዐይናችንን ጋርዶ እኒህን ቀጭን እናት እንዳናይ አደረገን። ስንት እንደ ወለዱ እንኳ አልጠየቅናቸውም፤ ሰባት ወልደዋል።

ሁለተኛ ጊዜ የመጡት ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው። በዚህ ጊዜ ክኒን ከመጻፋችን በፊት አረፍ ብለው እንዲያወሩን ለመንናቸው።

«እናቴ፣ ሕመሙ የሚነሣብዎ መቼ ነው?»

«ምኑን አውቄው ልጄ! በጾም ደኅና እሰነብታለሁ። ፍስክ ሲገባ ነው የሚጀምረኝ። ከቀኝ ጎኔ ተነሥቶ በጀርባዬ ይዞርና ወደ ትከሻዬ ይወጣል። ሌሊት እንደ ምጥ ሲያስጨንቀኝ ቆይቶ ሊነጋጋ ሲል ጥሎኝ ይሄዳል። በማግሥቱ እንጀራ ስጋግር የምታየኝ ጎረቤቴ ውሸቷን ነው ትላለች።»

አራት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸው ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነገረን። የጨጓራ ሕመም ብዙውን ጊዜ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ በባዶ ሆድ ወይም በየቀኑ የሚመላለስ ነው። የሐሞት ጠጠር ሕመም ግን በድንገት ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ቅባት ከተበላ በኋላ፣ በተለይ ሌሊት ነው። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓቶች አጥብቆ ይይዝና ይለቃል። ከዚያም በኋላ ለሳምንታት፣ ለወራትም ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። በሽተኛው ውሸታም የሚባለው ስለዚህ ነው።

ስሕተቱን የሚያባብሰው ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የጨጓራ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ሆድ ውስጥ እንኳ ስለሚገኝ፣ በምርመራ «ተገኘብህ» መባሉ ብቻ ለሕመሙ ምክንያት እርሱ ነው ለማለት አያስችልም። ለታይፎይድ የሚደረገውም የተለመደው የደም ምርመራ ከዚህ ቀደም በሽታው ይዞት የተወውን ሰው አሁን እንደ ታመመ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ወረቀቱ ሲናገር በሽተኛው ዝም ይላል፤ በእኛ አስተያየት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው።

ወደ እኒያ እናት እንመለስ። የዐይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንታቸው እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሯል፤ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ያተኩሳቸዋልም። በመንደራቸው የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ባለመድኃኒት ሊጠራ ታስቦ ነበር። የዐይን ቢጫ መሆን ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በእሳቸው ግን የሆነው ጠጠሩ ከከረጢቷ ወጥቶ ዋናውን የሐሞት ቧንቧ መዝጋቱ ነው። ፈሳሹ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ በታቆረውም ፈሳሽ ውስጥ ተሐዋስያን ይራባሉ። ጠጠሩ ዝቅ ብሎ የቆሽትን መውጫ የዘጋ እንደ ሆነም ቆሽት ይቆጣል። ይህ ሁሉ በቀናት ውስጥ ሊገድል የሚችል ነው። በዚያው ዕለት አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጎንደር በመኪና ላክናቸው።

በዚያም አልትራሳውንድ ተነሡ። ይህ መሣሪያ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ስለ ሆነ አያምም፤ ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም አይጎዳም። በከረጢቷ ውስጥ ያለውን ጠጠር ከዐሥሩ ከዘጠኙ በላይ ያያል። የሚመረመረው ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይበላ መምጣት አለበት፤ የበላ እንደ ሆነ ከረጢቷ ባዶ ሆና ትጨማደዳለችና። በቧንቧው ውስጥ የገባው ጠጠር ግን ከመሣሪያው ሊሸሸግ ስለሚችል የጉበት የደም ምርመራ ይታከልበታል።

እኒህ እናት በቀዶ ጥገና ከረጢታቸው ወጣ፤ ቧንቧውም ጸዳ። ይህን ከረጢት የማውጣት ጥበብ የጀመረው ካርል ላንገንቡኽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1882፣ በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ የነገሡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ኤሪክ ሙሄ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች አወጣው።

አንድ የዳባት ገበሬ ይህን ቀዶ ጥገና በመከርናቸው ጊዜ «ሐሞቴን አውጥታችሁ ሐሞተ ቢስ ልታደርጉኝ ነው?» ብለውናል። ሣቅን፤ ግን ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ፈሳሹን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቷ ጎተራ ብቻ ናት። ጎተራው ቢፈርስ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ሰውየውም ይበላል፣ ያርሳል። አንዳንዱ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሆዱ ይላላ ይሆናል።

ጠጠር ተገኘ ተብሎ ግን ሁሉ ወደ ቢላዋ አይሄድም። ለሌላ ነገር ሲመረመር በአጋጣሚ የተገኘበት፣ ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊተወው ይችላል። ሕመሙ የጀመረው ሰው ግን መመላለሱ አይቀርለትምና ቢታከም ይበጀዋል። ጠጠሩን በቅጠል፣ በሎሚና በዘይት እናሟሟለን የሚሉትን አትመኑ። የሚያሟሟ ክኒን አለ፤ የሚረዳው ግን ትንንሽ ጠጠር ላላቸው ለጥቂቶች ነው፤ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ጠጠሩም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል።

ተራውን የሚጠብቅ በሽተኛ ቅቤና ጮማ ይቀንስ፤ ጥቂት በጥቂት ይብላ። ጾም ሲፈታ በዶሮ ወጥ አይጀምር። ዘይት የበዛበት የጾም ወጥም ያው ቅባት መሆኑን አይርሳ። ሕመሙ ከአምስት ሰዓት በላይ ያልለቀቀው፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም ዐይኑ ቢጫ የሆነበት ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ይምጣ።

ስለ ንጽሕና በሚጻፍበት በዚህ ገጽ አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። የታይፎይድ ተሐዋሲ በሐሞት ጠጠር ላይ ተደላድሎ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ሰውየው ሳይታመም በዐይነ ምድሩ ይዘራዋል። በኒው ዮርክ ሜሪ ማለን የተባለች ወጥ ቤት ራሷ ጤነኛ ሆና ሳለ ያገለገለቻቸውን ብዙ ቤተ ሰቦች ታይፎይድ አስያዘች። እ.ኤ.አ. በ1907 ተደርሶባት ሐሞትሽ ይውጣልሽ ብትባል እንቢ አለች፤ ከ1915 እስከ ሞተችበት እስከ 1938 ድረስም ተለይታ ኖረች። ከመጸዳጃ ቤት የወጣ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ሊጥ ውስጥ እንዳይገባ የምንጨቀጭቀው በከንቱ አይደለም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ወደ ጎንደር ከመሄዱ በፊት ሪፈር የሚባለውን ወረቀት ከጤና ጣቢያው ይያዝ፤ አለዚያ ወጪው በራሱ ሊሆን ይችላል። የቀድሞ የምርመራ ወረቀቶቹንም አይጣል።

እኒያ እናት ከወር በኋላ ሊጠይቁን መጡ። በትንሽ ብልቃጥ ዐሥራ አንድ ጠጠር ይዘዋል፤ ውሸቷን ነው ላለችው ጎረቤታቸው አሳይተዋታል። ጠጠሮቹን ካዩት ሴቶች ሁለቱ «እኛንም እንዲሁ ያደርገናል» ብለው አብረዋቸው መጥተው ነበር። አንደኛዋ እውነትም ጠጠር ተገኘባት፤ ሁለተኛዋ ግን ያለባት የጨጓራ ቁስል ሆኖ በመድኃኒት ዳነች።