ሲጋራን መተውና የስኳር በሽታ፤ ትርፉ የሚዘገይ ንግድ

ነጋዴ ገንዘቡን በዕቃ ላይ ባዋለበት ዕለት ትርፍ አይጠብቅም። ዕቃው ተጭኖ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ገበያው እስኪደርስ ድረስ ሒሳቡ በወጪ በኩል ተጽፎ ይቈያል። ሲጋራ ማጤስን የሚተው ሰውም ነገሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጥቅሙ የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ፣ በስኳር በሽታ በኩል የሚገኘው ትርፍ ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ፣ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ተስፋ ቈርጦ ወደ ቀድሞ ልማዱ ሲመለስ ይታያል።

በካርቱም ከተማ የሚገኘው ዴም የተባለው ሰፈር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሰፈር ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት፣ የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተከፈቱበት፣ ቡና በጀበና የሚቀርብበት ስፍራ ስለ ነበረ ስሙ በሀገር ቤት ጭምር የታወቀ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዪቱ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ከነዋሪዎቹ እጅግ ብዙዎቹ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ሌሎችም ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ግብፅ ተሰደዱ። ሰው ቤቱንና ሱቁን ትቶ ይሰደዳል፤ ልማዱ ግን አብሮት ይሄዳል። የሰፈሩም ልማድ በሻይ ሻጮች ዙሪያ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ዝንጅብል የገባበት ቡና እየጠጡ መጫወት ነበር። ከዚያው አጠገብ ሲጋራው፣ ሺሻው፣ ሱዳኖችም ቱምባክ የሚሉት በከንፈር ሥር የሚያዘው ትምባሆ አይጠፋም። እንግዲህ ትምባሆና ስኳር በአንድ ገበታ የሚቀርቡበት ስፍራ ነበር ማለት ይቻላል።

የሲጋራ ጉዳት በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሳንባን፣ ልብንና ካንሰርን ነው። የስኳር በሽታን የሚያስብ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ፣ 25 ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ እንዳስረዳው፣ የሚያጤሱ ሰዎች በሁለተኛው ዐይነት የስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከማያጤሱት በ44 በመቶ ይበልጣል። በቀን 20 ሲጋራና ከዚያ በላይ በሚያጤሱት ላይ ብልጫው 61 በመቶ ሲሆን፣ ማጤስን በተዉት ላይ ግን 23 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ያወጣው መግለጫም ሲጋራ ለዚህ በሽታ አንዱ ምክንያት መሆኑን በግልጽ አስታውቋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ሥራው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ማስገባት ነው። ኒኮቲን በደም ውስጥ በገባ ጊዜ ሰውነት አደጋ እንደ ደረሰበት ያህል አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉትን ቅመሞች ያፈሳል፤ ከስብም ክምችት ቅባት እየቀለጠ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ጡንቻ ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል፤ ቆሽትም ይህን ለማካካስ ከአቅሙ በላይ እየሠራ በመጨረሻ ይደክማል። ከዚህም ሌላ የሚያጤስ ሰው ክብደቱ አነስተኛ መስሎ ቢታይም ስቡ በሆዱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ለኢንሱሊን ሥራ ከሁሉ ይልቅ እንቅፋት የሚሆነው ደግሞ ይኸው የሆድ ስብ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ሲጋራ ይህን ያህል የሚጎዳ ከሆነ፣ የተወው ሰው የደሙ ስኳር ወዲያው ሊወርድ ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ እንደዚያ አይሆንም። ኒኮቲን ረኀብን የሚያስታግሥና የሰውነትን የምግብ አቃጠል የሚያፋጥን በመሆኑ፣ በተቋረጠ ጊዜ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፤ ጣዕምና ሽታም ይመለሳሉ፤ ሲጋራ የለመደ እጅና አፍ ደግሞ ምትክ ይፈልጋሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ያለ መድኃኒት እርዳታ ሲጋራን የተዉ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ የጨመሩ ሲሆን፣ አብዛኛው ጭማሪ የመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው።

በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ወደ 11 ሺህ በሚጠጉ ጐልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሲጋራን በተዉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል ከፍ እንደሚል፣ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ሄዶ በ12ኛው ዓመት ፈጽሞ ካላጤሱት ጋር እኩል እንደሚሆን ገለጠ። በ2018 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሰፊ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አብራራው። ዕድሉ ከፍ ያለው ክብደት በጨመሩት ላይ ብቻ ነበር፤ ክብደታቸውን በጠበቁት ላይ ይህ ጊዜያዊ ጭማሪ አልታየም። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ፣ ሲጋራን የተዉት ሰዎች ክብደት ቢጨምሩም ባይጨምሩም በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሚያጤሱት ያነሰ መሆኑ ነው።

ስለዚህ «ሲጋራ ብተው ሆዴ ወጣ፣ ስኳሬም ጨመረ፤ ማጤሱ ይሻለኝ ነበር» የሚል ሰው ሒሳቡን ሳይዘጋ ከስሬያለሁ እንደሚል ነጋዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ማጤስን መተው በሁለተኛው ዐይነት የስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል።

ትርፉ ሳይመጣ በፊት ያሉትን ዓመታት ለመሻገር ግን የሻዩን ብርጭቆ መመርመር ያስፈልጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 15 ማንኪያ፣ ማለትም 60 ግራም ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ የሲጋራውን ቦታ በተጨማሪ ሻይና በጣፋጭ የሚሞላ ሰው አንዱን ዕዳ ከፍሎ ሌላውን መበደሩ ነው።

ሲጋራን በሺሻ ወይም በቱምባክ መተካትም መተው አይባልም። ሁለቱም ኒኮቲን አላቸው፤ ሺሻ ደግሞ የከሰል ጢስ ይጨምራል። በስዊድን በከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆን በብዛት በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጢስ ባይኖረውም እንኳ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ለበሽታው በተቃረቡ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስና ከክብደት 7 በመቶ ያህል መቀነስ ዕድሉን በ58 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ተሞክሯል፤ ተሳክቷልም። በየቀኑ ወደ ሥራ በእግር መሄድ ለዚህ ይረዳል። ሲጋራን የተወ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ምግብ ሳይቀምስ የደሙን ስኳር ያስለካ፤ ልኩ በተደጋጋሚ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው መኖሩ ይታወቃል። አስቀድሞ የታመመ ሰው ደግሞ ማጤስን ከመተዉ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የስኳሩ መጠን ስለሚለዋወጥ የመድኃኒቱ ወይም የኢንሱሊኑ ልክ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላልና። በስኳር በሽታ ላይ ሲጋራ ሲጨመር የእግርን፣ የኵላሊትንና የልብን ደም ሥሮች ይበልጥ ስለሚያጠቃ፣ በሽተኛው ከማንም ይልቅ ሊተወው ይገባል።

በዚህ ጉዳይ የአስተዳዳሪዎችና የነጋዴዎች ድርሻ ትንሽ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 በሥራ ቦታዎችና ለሕዝብ አገልግሎት በሚውሉ ቤቶች ውስጥ ማጤስን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰውም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ዐዋጅ ግን በጋዜጣ ስለ ታተመ ብቻ አይፈጸምም፤ ሹሙ ሲቈጣጠር፣ ባለ ሱቁም ሲያከብረው ነው። ትምባሆ ሸጦ የሚያተርፍ ነጋዴ ደንበኛውን ለአጭር ጊዜ ያገኘዋል፤ ጤነኛ ደንበኛ ግን ለብዙ ዓመት ይገበያል።

ከዴም ተነሥተው በየሀገሩ የተበተኑት ሰዎች ንብረታቸውን እንደገና ከዜሮ በመጀመር ላይ ናቸው። አዲስ ኑሮ ለሚመሠርት ሰው ጤና የመጀመሪያው መቋቋሚያ ገንዘብ ነው። ሲጋራውን ዛሬ የተወ፣ ሻዩን ያቀለለና በእግሩ መሄድን የለመደ ሰው ያን ገንዘብ በመልካም ቦታ አስቀምጧል፤ ትርፉም ቢዘገይ አይቀርበትም።