ከሰማይ ስንታይ ምን እንመስላለን?

ሰቆጣ አጠገብ ለማስተማር በተመደብሁበት ቀበሌ አንድ ቀን ፊደል ስንቆጥር አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ከተማሪዎቹ አንዲት እናት ወደ ላይ አንጋጠው፣ «ልጄ፣ እሱ ሲያየን ምን እንመስለዋለን?» አሉኝ። ጥያቄው ጥሩ ነውና መልሱን ለእናንተም ልጻፈው።

ከላይ ሲታይ ጎጆ እንደ ምጣድ ክብ ነው። በሩም ግድግዳውም አይታይም። መንገድ ነጭ ክር ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ዛፍ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። አምባ የሚለየው በጥላው ነው። ደመና ካለ ግን ሥራ የለም።

ለካርታ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አውሮፕላን እንደ አራሽ ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዳር ሲደርስ ይዞርና ከመጀመሪያው ጎን ሌላ ትልም ያወጣል። እያንዳንዱ ፎቶም ቀደም ሲል ከተነሣው መሬት ከግማሽ በላዩን ይደግማል። ለምን? እስቲ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሩ። ያስቸግራችኋል። ቅርቡንና ሩቁን ደኅና አድርገን የምንለየው ሁለት ዓይኖቻችን አንዱን ነገር ከሁለት ቦታ ስለሚያዩት ነው። ሁለቱ ፎቶዎችም እንደ ሁለት ዓይን ናቸው። ጎን ለጎን ሆነው በልዩ መነጽር ሲታዩ ገደሉ ይጎደጉዳል፣ ተራራው ብድግ ይላል። የተራራ ከፍታ ለብዙ ዘመን በዚህ መንገድ ሲለካ ኖሯል።

በአገራችን እንዲህ ያለ ፎቶ በክፉ ቀንም ተነሥቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ ከአየር እያየ አነሣን። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ የጣለውም በአውሮፕላን ነበር። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ፎቶዎቹ ቀሩ። ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተገኙ። የአንዱ ሰሌዳ ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አራት ፎቶ ተለጥፎበታል፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ አዘንብለው የተነሡ ናቸው። ተመራማሪዎች እነዚህን ከአዲሶቹ ፎቶዎች ጋር እያስተያዩ ቦረቦሩ የት እንደሰፋ፣ ዛፉ የት እንደጠፋ፣ የት እንደተመለሰ ያጠናሉ። በደቡብ ጎንደር የ1930 ዓ.ም. ፎቶዎችን ያዩ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ደን አብዛኛው ቦታውን እንዳልለቀቀ አግኝተዋል።

ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። «እሱ ሲያየን» ነው ያሉት። «እሷ ብትሆንስ?» አልኋቸው። ሳቁብኝ።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ሙሉእመቤት እምሩ የምትባል ወጣት ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መብረር ስትማር ነበር። ትምህርቷን ያቋረጠው ጦርነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ካፒቴን ማለት የአውሮፕላኑ አለቃ ማለት ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ባንኮክ፣ አብራሪውም አስተናጋጁም ሴት የሆነ አውሮፕላን እየመራች በረረች። ባንኮክ በሩቅ ምሥራቅ ያለች የታይላንድ ከተማ ናት።

ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ ሳቁን ተዉት። እኒያው እናት ጥቂት አሰቡና፣ «እሷ ስትበር ልጇን ማን ይይዝላታል?» አሉ።

ወንዶቹ ዝም አሉ።