ድንጋዩ ሞቶ ሲመጣ

ከ15 ዓመት በፊት የጨው ውኃ ገንዳውን አፍርሶ የሸጠ አንድ አሜሪካዊ፣ ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ «እንደገና ልጀምር» ብሎ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ገባ እንበል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ድንጋይ ነው። እሱ በሚያውቀው ዘመን ድንጋይ ከፊጂ ወይም ከኢንዶኔዥያ ባሕር ወጥቶ፣ እርጥበቱ እንደተጠበቀ በአውሮፕላን ይመጣ ነበር፤ ሐምራዊ ልባስ የለበሰ፣ ባሕር ባሕር የሚሸት፣ በየቀዳዳው ትልና ሸርጣን የተሸሸገበት። አሁን ሻጩ የሚያወጣለት የካርቶን ሳጥን ነው። ውስጡ ነጭ፣ ደረቅ፣ ኖራ የመሰለ ድንጋይ አለ። ምንም አይሸትም።

የቀረው ለውጥ ሁሉ ዓይን ይስባል፤ መብራቱ፣ ድምፅ አልባው ፓምፕ፣ በስልክ የሚታዘዘው መሣሪያ። ተመላሹን የሚያስቸግረው ግን ይህ በሳጥን የመጣ ድንጋይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ገንዳው ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል፣ እሱ ደግሞ ቤት ይሰጣቸዋል። ዓሣው ከአካሉ አሞኒያ ያስወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። በድንጋዩ ገጽ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በማይደርስበት በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ናይትሮጅን አድርገው ወደ አየር ይሸኙታል። ከባሕር የመጣ ድንጋይ እነዚህን ሠራተኞች ሁሉ ይዞ ይገባል። ማጣሪያው እሱ ራሱ ነው።

ይህን ለዓለም የነገረው የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ፣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ የባሕር እንስሳትን እንደሚያኖር ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን ውስጥ ያለ ፓምፕ ኮራል ያኖረች ሴት ግን ከእሱ 115 ዓመት ትቀድማለች። በ1846 አና ታይን ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ኮራሎች አምጥታ ዌስትሚኒስተር ቤቷ ውስጥ አስቀመጠች፤ ውኃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ ክፍት መስኮት ሥር ቆማ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉና ከዚያም በላይ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር። የዛሬው ፓምፕ የዚያች ስሟ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ተተኪ ነው ማለት ይቻላል።

ጀርመኖች በሊ ድንጋይ ላይ ፕሮቲን ስኪመር የሚባለውን መሣሪያ ጨመሩ። ስኪመር ውኃውን ከደቃቅ አረፋ ጋር ያማታል፤ ቅባትና ፕሮቲን አረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይኛው ስኒ ይገነፍላል። ስኒው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ መልኩ ቡና ነው፣ ሽታው ግን ቡና አይደለም። የበርሊን ዘዴ ተብሎ የታወቀው ይህ አሠራር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተስፋፋ፤ ቻርልስ ዴልቢክና ጁሊያን ስፕረንግ በ1994 ያወጡት «ዘ ሪፍ አኳሪየም» ቅጽ አንድ ደግሞ ለብዙ አርቢዎች እንደ ትምህርት ቤት ሆነ። ተመላሹ የሚያስታውሰው ትምህርት ከዚህ ዘመን የተወረሰ ነው፤ ጥሩ ድንጋይ፣ ጠንካራ ስኪመር፣ ከናይትሬትና ከፎስፌት የጸዳ ውኃ።

ከዚያ ድንጋዩ ራቀ። ፍሎሪዳ ላይ ከባሕር ድንጋይ መንቀል ገና በ1990ዎቹ ቆሟል። ፊጂ በ2017 መጨረሻ ኮራልና ሕያው ድንጋይ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች። ኢንዶኔዥያ በ2018 የኮራል ንግዱን አቋረጠች፤ በ2020 ስትከፍተውም በእርባታ ለተገኘ ኮራል ነበር። ለሪፉ፣ ማለትም ለባሕሩ የኮራል አለት፣ የሚበጅ ውሳኔ ነው፤ የሪፉን ድንጋይ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ላማረው ሰው ሪፉን ማፍረስ ተገቢ አልነበረም። ገንዳው ግን ዋጋ ከፈለ።

ደረቅ ድንጋይ ባዶ መሬት ነው። ባክቴሪያ በጠርሙስ ተገዝቶ ይጨመርበታል፣ አሞኒያን የሚበሉት እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ተመላሹ ይህን ያውቃል። የማያውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ድንጋዩ በመጀመሪያ ቡናማ ዱቄት ይለብሳል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል፤ ባዶ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅለው አረም ነውና። ወራት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሰውየው በለመደው መንገድ ይሄዳል፤ ስኪመሩን ያጠነክራል፣ ፎስፌት የሚመጥ እንክብል ይጨምራል፣ ናይትሬትን ዜሮ ያደርሳል። አረንጓዴው ይጠፋል፤ በምትኩ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል፣ አረፋ ያዘለ ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ነገር አሸዋውን ያለብሰዋል። ብዙ ጊዜ ይህ ፍጡር የሚነግሠው ሌላው ሁሉ በረሃብ ሲደክም ነው። አንዳንዱ ዝርያ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል። ድሮ «ዜሮ» ይሉ የነበሩ አርቢዎች ዛሬ በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ናይትሬት፣ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ፎስፌት ሆን ብለው ይተዋሉ። ለአሮጌ ተማሪ ከዚህ የሚከብድ ትምህርት የለም፤ ውኃው ትንሽ ቆሻሻ ይፈልጋል መባሉ።

መብራቱስ? ድሮ እያንዳንዱ 250 ወይም 400 ዋት የሚበላ ሜታል ሃላይድ አምፖል ተሰቅሎ ውኃውን ያሞቅ ነበር፤ ያንን ለማብረድ ደግሞ ማቀዝቀዣ ይገዛ ነበር። ኤልኢዲ ይህን ሁሉ አስቀረ። ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ አብዛኛው ብርሃኑ ሰማያዊ ስለሆነ ለሰው ዓይን ደብዛዛ ይመስላል፣ ለኮራሉ ግን ኃይለኛ ነው። «ጨለመ» ብሎ ከፍ ያደረገው ሰው በሳምንቱ ነጭ የሆነ ኮራል ያገኛል።

ዓሣውም ተቀይሯል። የሃዋይ ቢጫ ታንግ ያኔ በየሱቁ ሞልቶ ነበር። በሃዋይ የፍርድ ቤት ክርክር ከ2017 ጀምሮ ለገንዳ የሚደረገውን አጠማመድ እያጠበበ ሄዶ በ2021 መጀመሪያ ዘጋው፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ናረ። እፎይታው የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። የሃዋይ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ኦሽያኒክ ኢንስቲትዩት በ2015 ቢጫ ታንግን ከእንቁላል ጀምሮ ለማሳደግ ቻለ። ጫጩቶቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ፣ ችግሩ በአፋቸው የሚገባ ምግብ ማግኘት ነበር። አሁን በእርባታ ያደገ ቢጫ ታንግ ይሸጣል፤ ብርቱካንማው ክላውንፊሽማ ከባሕር ይልቅ ከእርባታ መግዛት ከቀለለ ቆይቷል።

ለኢትዮጵያና ለኤርትራ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ምናልባት ሐምራዊው ታንግ ነው፤ አካሉ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ። የትውልድ ቀዬው ቀይ ባሕር ነው። ምጽዋንና ዳህላክን በሚያጥበው ውኃ የሚኖረው ይህ ዓሣ ዛሬ ከባሕር ሺህ ኪሎ ሜትር በራቀ የአሜሪካ ሳሎን ውስጥ ይዋኛል። ቀይ ባሕር በሊትር ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ጨው አለው፣ ገንዳው 35 ገደማ፤ ቀስ ተብሎ ከተለማመደ ግን ይችለዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ፤ ምክንያቱም ብዙ ተመላሾች ጋራዥ ውስጥ የከረመ የድሮ ድንጋይ አላቸው። «ለምን አዲስ እገዛለሁ፣ ይህንን አጥቤ፣ ቀቅዬ» የሚለው ሐሳብ ቆጣቢ ይመስላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ ፓሊቶዋ የሚባሉ አዝራር የመሰሉ ኮራሎች ኖረውበት ከነበር ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ሲቀቀል ወይም ሲፋቅ በእንፋሎትና በብናኝ ወደ ሳንባ ይገባል። ከ2012 እስከ 2014 በአላስካ በቤትና በዓሣ ሱቅ ውስጥ እንዲህ የታመሙ ሰዎችን ጉዳይ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መዝግቧል። ድንጋይ አይቀቀልም።

ሕያው ድንጋይ ካላገኘሁ የሚል ሰው አንድ ሕጋዊ መንገድ አለው። ፍሎሪዳ ውስጥ ከመንግሥት የባሕር ወለል የሚከራዩ ሰዎች ከየብስ የተቆፈረ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወስደው ይጥላሉ፤ ዓመታት ቆይተው፣ ስፖንጅና ኮራል ለብሶ፣ ያወጡታል። በውኃ እንደተዘፈቀ በአውሮፕላን ይላካል፤ ውድ ነው። ከተቀበለው በኋላ ባለቤቱ ጥቂት ሌሊቶች መብራት አጥፍቶ ገንዳው አጠገብ ይቀመጥ። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ምናልባት ማንቲስ ሽሪምፕ ከድንጋዩ ጋር ገብቷልና፣ ዓሣ ከመግዛቱ በፊት ወጥመድ ያጥምድለት።